ስለ ሉፐስ የደም ምርመራ የሚባለውና እውነታው

ሉፐስ የሰውነታችን መከላከያ ዞሮ ራሱን ሰውነታችንን ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ኩላሊትን፣ ደምን ሊነካ ይችላል። ከታማሚዎቹ ከ10 ሰው 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም በወሊድ ዕድሜ ላይ ያሉ። አይተላለፍም። እዚህ ጅማ ስለ ምርመራው የሚወራው ነገር ግን ሰውን ወይ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል፣ ወይ በጊዜ እንዳይታከም ያዘናጋል። ሁለቱም ያሳስበኛል።

«ፊት ላይ የወጣው ምች ነው፤ ደም መመርመር ምን ያደርጋል?»

ፀሐይ መታኝ፣ ፊቴ ላይ ወጣብኝ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ዳማከሴ ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልፋል፣ ችግር የለውም። ግን ሽፍታው ሁለቱን ጉንጭና የአፍንጫን አጥንት ይዞ ለሳምንታት ከቆየ፣ ፀሐይ ባየ ቁጥር ከተባባሰ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ የእጅ ጣቶች ጠዋት ጠዋት ካበጡና ካልታጠፉ፣ አፍ ውስጥ ቁስል ከወጣ፣ ፀጉር ከረገፈ፣ መመርመር ያስፈልጋል። በእኛ ቆዳ ላይ ሽፍታው ሥዕል ላይ እንደምናየው ቀይ ላይሆን ይችላል፤ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ይላል። በዚህ የተነሳ ሳይታወቅ ያልፋል። ትኩሳትና ድካሙም እንዲሁ ነው፤ በየጊዜው «ታይፎይድ ነው» እየተባለ መድኃኒት የሚሰጠው፣ ግን የማይሻለው ሰው ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

«ኤኤንኤ ፖዘቲቭ ከሆነ በቃ ሉፐስ ነው»

አይደለም! ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ኤኤንኤ የሚባለው ምርመራ የሚፈልገው የራሳችንን የሴል አስኳል የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትን ነው። ሉፐስ ካለባቸው ሰዎች ከ100 ከ95 በላይ የሚሆኑት ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ችግሩ ጤነኛ ሰውም ፖዘቲቭ ሊሆን መቻሉ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ከቃሉ ይልቅ ቁጥሩን እዩ፦ 1 ለ40፣ 1 ለ80፣ 1 ለ160 እያለ ይሄዳል። ይህ ማለት ናሙናው 40 ጊዜ፣ 80 ጊዜ፣ 160 ጊዜ ቀጥኖም ምልክቱ አሁንም ይታያል ማለት ነው። እንደ ጀበና ቡና ነው፤ አቦሉማ ሁሌም ይጠቁራል፣ በረካውም ጠቁሮ ከወጣ ግን ቡናው በደንብ ገብቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የብዙ ላብራቶሪዎች ጥናት እንዳሳየው ከጤነኞች መካከል 1 ለ40 ላይ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ፣ 1 ለ160 ላይ ደግሞ ከ100 ሰው 5 ያህሉ ፖዘቲቭ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሉፐስ የለባቸውም።

የታይሮይድ ሕመም፣ የጉበት ቫይረስ፣ ቲቢም ኤኤንኤን ፖዘቲቭ ሊያደርጉ ይችላሉ። መድኃኒትም እንደዚሁ። ለቲቢ የሚሰጠው አይሶናያዚድ አንዳንድ ሰው ላይ ሉፐስ የሚመስል ሕመም ያመጣል፣ መድኃኒቱ ሲቆም ይሻለዋል። (በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡ፤ ለሐኪሙ ንገሩት።)

ታዲያ ሐኪሙ በምን ይለያል? ከኤኤንኤ ቀጥሎ አንቲ ዲኤስዲኤንኤ እና አንቲ ስሚዝ የሚባሉትን ያዛል። እነዚህ ሉፐስ በሌለበት ሰው ላይ ብዙም አይገኙም፤ ከተገኙ ክብደት አላቸው። ነገር ግን አንቲ ስሚዝ የሚገኘው በጥቂት ታማሚዎች ላይ ስለሆነ ኔጌቲቭ መሆኑ ነፃ አያወጣም። ሲ3 እና ሲ4 (የሰውነት መከላከያ አካል የሆኑ የደም ፕሮቲኖች) ዝቅ ማለታቸው፣ ነጭ የደም ሴል ወይም ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌት ማነሱም ይደመራል። የአውሮፓና የአሜሪካ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና እንደ ሉፐስ ያሉ በሽታዎች) ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2019 ለጥናት ብለው ያወጡት መስፈርትም ኤኤንኤ 1 ለ80 መድረሱን እንደ መግቢያ በር ብቻ ነው የሚቆጥረው። ከዚያ በኋላ ነጥብ ተደምሮ 10 መሙላት አለበት፣ ከነጥቦቹ ቢያንስ አንዱም ከታማሚው ምልክት መምጣት አለበት። ምንም ሳያማችሁ ወረቀት ብቻውን ሉፐስ አያደርጋችሁም።

«ኤኤንኤ ኔጌቲቭ ከሆነስ?»

ሉፐስ የመሆን ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ምልክቱ ግን ከጠነከረ ሐኪሙ ሊያስደግመው ይችላል።

«በየቀጠሮው ኤኤንኤ መሠራት አለበት»

ገንዘባችሁን አታባክኑ። አንዴ ፖዘቲቭ ከሆነ ከፍ ዝቅ ማለቱ በሽታው መባባሱን አይናገርም። በተለይ ናሙናው ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ወጪውም ጥበቃውም ሌላ ነው። ለክትትል የሚጠቅሙት አንቲ ዲኤስዲኤንኤ፣ ሲ3 እና ሲ4፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒን እና ሽንት ናቸው።

«ደም ከሰጠሁ ሽንቱ ምን ያደርጋል?»

እባካችሁ ሽንቱን አትዝለሉት! ሉፐስ ኩላሊትን ሲነካ መጀመሪያ ላይ አያምም። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ይፈሳል፤ የዓይን ቆብና እግር የሚያብጠው ቆይቶ ነው። ይህን ቀድሞ የሚያሳየው ቀላሉ የሽንት ምርመራ ነው፣ በጤና ጣቢያም ይሠራል። ከአጋሮም ሆነ ከቦንጋ ሪፈር ተጽፎላችሁ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የምትመጡ ሰዎች፣ የድሮ የሽንትና የደም ውጤቶቻችሁን ሁሉ ይዛችሁ ኑ። ሐኪሙ ከአንድ ወረቀት ይልቅ ለውጡን ሲያይ ብዙ ይረዳል።

«የቂጥኝ ምርመራዋ ፖዘቲቭ ነው፤ ሌላ ጉድ አለ ማለት ነው»

ይሄኛው ትዳር ያፈርሳል። በእርግዝና ክትትል ላይ የሚሠራው ቪዲአርኤል የሚባለው ምርመራ ሉፐስ ባለባት ሴት ላይ ቂጥኝ ሳይኖር ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ምክንያቱ ምርመራው የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል ሉፐስም ውስጥ ስለሚፈጠር ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ከመጣላታቸው በፊት ቲፒኤችኤ በሚባለው ማረጋገጫ ይታይ። እሱ ኔጌቲቭ ከሆነና ሴትየዋ ከዚህ በፊት ደጋግሞ ካስወረዳት ወይም እግሯ ላይ ደም ረግቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ፀረ ፎስፎሊፒድ የሚባሉት፣ ደም ያለ ቦታው እንዲረጋ የሚያደርጉ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚፈልጉ የደም ምርመራዎች እንዲታዘዙላት ጠይቁ። ችግሩ ከተገኘ በእርግዝና ወቅት በሐኪም ክትትል ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉት አስፕሪንና ሄፓሪን ይሰጣታል፣ ብዙዎቹም ልጃቸውን በሰላም ይወልዳሉ።