የአየርላንድ ተጓዦችና ትምህርት ቤት

አየርላንድ ውስጥ «ትራቨለር» (ተጓዥ) ሲባል ቱሪስት ማለት አይደለም። ለብዙ ትውልድ በጋሪና በድንኳን፣ በኋላም በካራቫን እየተዘዋወረ የኖረ የአገሬው ማኅበረሰብ ነው። በመንግሥት ሰነዶች ብዙ ጊዜ በመላ አውሮፓ ተበትነው ከሚኖሩት ከሮማ ሕዝቦች ጋር አብረው ይነሳሉ፤ ዘራቸው ግን ሌላ ነው። በ2022 ቆጠራ 32,949 ሆነው ተመዝግበዋል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1840ዎቹ ረሃብ የተፈናቀሉ ገበሬዎች ናቸው ይባል ነበር። በ2017 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን መለየታቸው ከረሃቡ 200 ዓመት ገደማ ሳይቀድም አይቀርም ይላል።

ኑሯቸው ቆርቆሮ መሥራት፣ ፈረስ መነገድና በአዝመራ ጊዜ የቀን ሥራ ነበር። ፕላስቲክና ትራክተር ሲመጡ ገበያው ደረቀ፤ ብዙዎች ወደ ከተማ ዳር ተጠጉ።

በ1963 አንድ የመንግሥት ኮሚሽን መፍትሔው እነሱን ማስፈርና ከሌላው ሕዝብ ጋር መቀላቀል ነው አለ። ችግሩ መዘዋወራቸው ነው ማለቱ ነበር። ትምህርቱም በዚሁ መንፈስ ተጀመረ፤ ልጆቹ ለብቻ ክፍል ተሰጣቸው። ዛሬ በዕድሜ የገፉ ተጓዦች፣ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ከሌሎቹ ተለይተው ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር ይናገራሉ። ይህን የሚረሳ ልጅ የለም።

ነገሩን የለወጡት በ1980 የተጀመሩት ተዘዋዋሪ መምህራን ናቸው። እነዚህ ሰዎች ክፍል ገብተው አያስተምሩም ነበር። ካራቫኑ ያለበት ድረስ ሄደው ከእናት ጋር ሻይ ይጠጡ፣ ልጅ ያስመዘግቡ፣ «ቦታ የለንም» የሚል ርዕሰ መምህር ካለ ይሟገቱ ነበር። ቤተሰቡ ሌላ አውራጃ ከሄደም የልጁ መረጃ እንዲከተለው ያደርጉ ነበር። ቁጥራቸው እያደገ ወደ 40 ደረሰ። በአንደኛ ደረጃ ያልተመዘገበ ልጅ ማግኘት እየከበደ የመጣው በእነሱ ዘመን ነው፤ ምስጋናው ሁሉ የእነሱ ባይሆንም አብዛኛው ይገባቸዋል።

በ2011፣ በኢኮኖሚው ቀውስ ማግሥት፣ አገልግሎቱ ተሰረዘ። መንግሥት ሥራው በመደበኛው የትምህርት ቤትና ቤተሰብ አገናኝ መምህራን ይሸፈናል አለ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ለተጓዦች ትምህርት ይመደብ የነበረው ገንዘብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 86 በመቶ ያህል መቀነሱን በ2013 የወጣ ጥናት አስልቷል። በዚህ ገንዘብ ማን ማንን ሊያገናኝ?

ክፍተቱ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ይሰፋል። በ2016 ቆጠራ የሁለተኛ ደረጃን ከፍተኛ እርከን የጨረሱ ተጓዥ ሴቶች 13 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በጠቅላላው ሕዝብ 69 በመቶ። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩት በአገሪቱ ሁሉ 167 ተጓዦች ነበሩ። ከዚያ አምስት ዓመት በፊት፣ በ2011፣ ግን 89 እንደነበሩ ልብ ይሏል።

የመኖሪያውን ጉዳይ በተመለከተ፣ የ1998 ሕግ የአካባቢ መስተዳድሮች የተጓዦች ማረፊያ እንዲያቅዱ አስገድዷል። የ2002ቱ ደግሞ ያለፈቃድ መስፈርን ወንጀል አደረገ። ማረፊያው ሳይሠራ ቅጣቱ ቀደመ።

ማርች 1 ቀን 2017 ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ ተጓዦች ራሱን የቻለ ብሔረሰብ መሆናቸውን በፓርላማ አወጁ። በ2024 ደግሞ እስከ 2030 የሚዘልቅ የተጓዦችና የሮማዎች የትምህርት ስትራቴጂ ወጣ።