ኦፕቲካል ስዊች መብራት አያጠፋም

«ስዊች» ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ግድግዳ ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። «ኦፕቲካል» ሲጨመርበት ደግሞ ብርሃን እያበራ የሚያጠፋ ዕቃ ይመስላል። አይደለም። በአንድ ፋይበር (ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን የብርጭቆ ክር) የመጣውን ብርሃን ወደ ሌላ ፋይበር የሚመራ ነው። ከማብሪያ ማጥፊያ ይልቅ ባቡር ሐዲድ የሚቀይርበትን መገንጠያ ይመስላል። ለቴሌኮም መስመር የሚሠራውን ስዊች በተመለከተ ሌሎችም የሚምታቱ ነገሮች አሉ።

«ብርሃን ፈጣን ስለሆነ ስዊቹም ፈጣን ነው»

እዚህ ላይ ሁለት ፍጥነት ይደባለቃል፦ ዳታው የሚያልፍበትና መንገዱ የሚቀየርበት። ጥቃቅን መስታወቶችን እያዘነበለ የሚሠራ ስዊች መንገድ ለመቀየር ሚሊሰከንዶች ይፈጅበታል። 10 ሚሊሰከንድ ነው እንበል። በሰከንድ 100 ጊጋቢት በሚያልፍበት መስመር ላይ በዚያች ቅጽበት 125 ሜጋባይት ዳታ መሄጃ ያጣል! እንደ ሊቲየም ናዮቤት ባለ ቁስ የሚሠሩት በናኖሰከንድ ይቀይራሉ፤ ብዙ መግቢያና መውጫ ይኑራቸው ሲባል ግን ብርሃኑ በመንገድ ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በቀን ስንቴ ነው የሚቀየረው?» ነው። በቀን አንዴ ለሚቀየር መስመር ናኖሰከንድ ምን ይሠራል?

«ራውተርን ይተካል»

አይተካም። ራውተር የፓኬቱን (ተቆራርጦ የሚላከውን የዳታ ጥቅል) አድራሻ ያነባል፣ መንገዱ ከተጨናነቀም ወረፋ ያስይዘዋል። ኦፕቲካል ስዊች ማንበብ አይችልም። ብርሃንንም «ቆይ፣ ተራህን ጠብቅ» ማለት አይቻልም። ያለው ዘዴ ረጅም ፋይበር ጠቅልሎ በዚያ ማዞር ነው፤ 1 ማይክሮሰከንድ ለማዘግየት 200 ሜትር ገደማ ፋይበር ይፈጃል።

እኔ ግን አለማንበቡን እንደ ጉድለት አላየውም። ዛሬ 100 ጊጋቢት የሚያልፍበት መስታወት ነገ 400 ቢመጣ ግድ አይሰጠውም፤ ለእሱ ሁሉም ያው ብርሃን ነው። ጉግል በዳታ ሴንተሮቹ ውስጥ በመስታወት የሚሠራ፣ 136 መግቢያና 136 መውጫ ያለው ስዊች መጠቀሙን እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ሲያደርግ ከጠቀሳቸው ጥቅሞች አንዱ ይኸው ነበር።

«1 ዴሲቤል ምን አላት?»

ዴሲቤል እዚህ ብርሃኑ ምን ያህል እንደቀነሰ መለኪያ ነው፤ 1 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ከብርሃኑ 20 በመቶ ገደማ ጠፋ ማለት ነው። ብቻዋን ስትሆን ብዙም የላትም። ነገር ግን 8 በ8 የሆነ (8 መግቢያና 8 መውጫ ያለው) ስዊች ከትንንሽ 2 በ2 ስዊቾች ሲገነባ፣ ቤኔሽ በሚባለው አደራደር ብርሃኑ 5 ረድፍ ማለፍ አለበት። በየረድፉ 1 ዴሲቤል ቢጠፋ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ከመጣው ብርሃን ሲሶው ያህል ነው።

«ከጎን 1 በመቶ ሾልኮ ቢገባ ችግር የለውም»

ይሄኛው መሐንዲስንም ይሸውዳል። ከጎረቤት መስመር፣ ያው የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን በ1 በመቶ ኃይል ሾልኮ ገባ እንበል። ሰው የሚያስበው 100 እና 1 ተደምረው 101 እንደሚሆኑ ነው። ብርሃን ግን ሞገድ ነው፤ የሚደመረው የሞገዱ ከፍታ ነው። 1 በመቶ ኃይል ማለት 10 በመቶ ከፍታ ነው። ሁለቱ ሞገዶች ሲገጥሙ ከፍታው 1.1 ይሆናል፤ ኃይሉ ደግሞ የከፍታው ስኩዌር ስለሆነ 1.21። ሲቃረኑ ከፍታው 0.9፣ ኃይሉ 0.81። ያቺ «1 በመቶ» ሲግናሉን ወደ 20 በመቶ ገደማ ወዲያና ወዲህ ታላጋዋለች። ሹልኩ ወደ 10,000ኛ እጅ ሲወርድ፣ ማለትም ከዋናው ሲግናል በ40 ዴሲቤል ሲያንስ መላጋቱ 2 በመቶ ገደማ ይሆናል። ዲዛይነሮች ለዚህች ቁጥር የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

«ኤሌክትሪክ አይበላም»

እንደ ዓይነቱ ነው። መስታወት ዘንበል አድርጎ ለመያዝ ትንሽ ኃይል ይበቃል። በሙቀት የሚሠሩት ግን መንገዱን ይዘው ለመቆየት ብቻ ያለማቋረጥ መሞቅ አለባቸው። ሁለቱም ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ የያዙትን መንገድ ይለቃሉ። የተያዘው መስመር እንዳለ መቆየት ካለበት፣ ያለ ኤሌክትሪክም ቦታውን ይዞ የሚቀር ዓይነት ከመነሻው መመረጥ አለበት።