"ዋጋው በርክክብ ቀን ይስተካከላል" ሲባል ምን ማለት ነው?

ኮምቦልቻ ላይ አንድ የህንፃ መሳሪያ መደብር ከነእቃው በ6 ሚሊዮን ብር ተሸጠ እንበል፣ ውሉ ላይ "ዋጋው በርክክብ ቀን ባለው ስቶክ ይስተካከላል" የምትል አንዲት መስመር አለች። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ከፊርማ እስከ ርክክብ ሱቁ አይዘጋም፣ እቃ ይወጣል ይገባል፣ ስለዚ ሲፈረም 2 ሚሊዮን የተባለው ስቶክ 1.5 ሆኖ ከተገኘ ገዢው 5.5 ይከፍላል፣ ከበለጠም ይጨምራል።

ጠቡ የሚመጣው በየትኛው ዋጋ ይቆጠር ሲባል ነው። ቆርቆሮው ሻጩ በገዛበት ደረሰኝ ነው ወይስ ዛሬ ደሴ ፒያሳ በሚሸጥበት? ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ እኮ አንድ ሚስማር ሳይጨመር "ስቶኩ ጨምሯል" ማለት ይቻል ነበር፣ ሻጭ እንደዛ ይላል፣ ገዢ ደሞ ምን ሲደረግ ይላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1733 ቃሉ ግልፅ ከሆነ ዳኛ በትርጉም ሰበብ ከሱ አይወጣም ይላል። ግልፅ ካልሆነ ግን 1734 አለ፣ የሁለቱ የጋራ ሀሳብ ምን ነበር ተብሎ ይፈለጋል፣ ከውሉ በፊትም በኋላም ያደረጉት ይታያል። በኔ እይታ የመጀመሪያው 2 ሚሊዮን በደረሰኝ ከተሰላ ሁለተኛው ቆጠራም በደረሰኝ መሆን አለበት፣ በሁለት ሚዛን መመዘን አያስኬድም። ሽማግሌ ጋ ብትሄዱም መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄው ነው።

ገና ያልፈረማችሁ ደሞ የመቁጠሪያውን ዋጋ፣ ማን እንደሚቆጥር፣ ያልተሰበሰበው ዱቤ የማን እንደሆነ እዛው ውሉ ላይ አስገቡት።