ገባር ወንዝ ምንድን ነው? ከጎንደር ተነስቶ ውሃውን መከተል

“ከሚከተሉት ውስጥ የዓባይ ገባር ያልሆነው የቱ ነው?” ሙገር፣ ጉደር፣ ደዴሳ፣ ከሰም ተብሎ ይደረደራል። መልሱ ከሰም ነው፤ የአዋሽ ነውና። ሸምድዶ የመጣ ተማሪ አንዴ ይመልሰዋል፤ ፈተናው ሲያልፍ ግን ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋል። አይፈረድበትም። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቁ ስሙን ብቻ መያዝ አድካሚ ነው።

ገባር ወንዝ ማለት ውሃውን ይዞ ሄዶ ሌላ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ የሚገባ ወንዝ ነው። ገባሩም በተራው የራሱ ገባሮች አሉት። ይህ ሁሉ ውሃ የሚሰበሰብበት መሬት ደግሞ ተፋሰስ ይባላል። ትርጉሙ ይኸው ነው። የሚያስቸግረው የትኛው የማን እንደሆነ መለየቱ ነው። በዚህ በኩል ጎንደር የሚኖር ሰው ዕድለኛ ነው፤ ትምህርቱ ደጁ ላይ ነው ያለው።

ከተማዋ የተቀመጠችው በሁለት ወንዞች መካከል ነው። በአንድ በኩል ቀሃ አለ። በጥምቀት ወጣቱ ዘሎ የሚገባበትን የአፄ ፋሲልን መዋኛ የሚሞላው እሱ ነው። በሌላ በኩል አንገረብ አለ፤ ለከተማው የቧንቧ ውሃ የሚሆነው ግድብ የተሠራበት። ሁለቱ ከከተማው በታች ይገናኙና መገጭ ይገባሉ። መገጭ ጣና ይገባል። ከጣና ዓባይ ይወጣል። ቀሃ እንግዲህ የገባር ገባር ነው፤ ትንሽ ቢሆንም ከዓባይ ተፋሰስ ውጭ አይደለም።

ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጋ ቢቀመጥ ቀሪውን መንገድ ላይ ያገኘዋል። መጀመሪያ መገጭን ይሻገራል። አዲስ ዘመንን ካለፈ በኋላ ርብን፣ ከወረታ ወዲያ ደግሞ ጉማራን። በበጋ ርብ ከውሃው አሸዋው ይበዛል፤ ክረምት ሲገባ ግን ፎገራን የሚያጥለቀልቀው ያው ርብ ነው። ሐይቁ በቀኝ ስለሆነ ሦስቱም ከግራ ወደ ቀኝ ይወርዳሉ። ባሕር ዳር መግቢያ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ውሃው ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፤ ከሐይቁ እየወጣ ነዋ! ሦስቱ የጣና ገባሮች ናቸው፤ አራተኛው ራሱ ዓባይ ነው። በዚህ መንገድ የማይታየው ትልቁ ገባር ግልገል ዓባይ ነው። እሱ ከሰከላ ተነስቶ በደቡብ በኩል ይገባል።

አሁን ፊትን ወደ ደባርቅ ማዞር ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዳባት አካባቢ የሚነሳ ሌላ አንገረብ አለ፤ ትልቁ አንገረብ። ስሙ ከከተማው አንገረብ ጋር አንድ ይሁን እንጂ ጣናን አያውቀውም። ወደ ምዕራብ ቁልቁል ወርዶ፣ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ከጎንደር በስተምዕራብ ተነስቶ በመተማ በኩል የሚወርደው ጓንግም የአትባራ መነሻ ነው። ሊማሊሞን ወርደው የሚያገኙት ዛሪማ ደግሞ ተከዜ ይገባል። ተከዜ ድንበሩ ጋ ሰቲት ተብሎ እሱም መጨረሻው አትባራ ነው። ስለዚህ “አንገረብ የማን ገባር ነው?” ብሎ የሚጠይቅ አስተማሪ ካለ፣ “የትኛው አንገረብ?” ብሎ መመለስ ድፍረት አይደለም።

ተከዜስ የዓባይ ገባር ነው? አይደለም። የናይል ነው። ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ተገናኝቶ ናይል ከሆነ በኋላ፣ ወደ ሰሜን 320 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ አትባራ ከተማ ላይ አትባራ ይቀላቀለዋል። ከዚያ በኋላ እስከ ሜዲትራንያን ድረስ ናይል ሌላ ገባር አያገኝም። ከጎንደር በላይ ባለው ደጋ ላይ የወረደ ዝናብ ከጋራው ወዲህ ከሆነ በጣና በኩል ዞሮ፣ ወዲያ ከሆነ በአትባራ በኩል አቋርጦ እዚያ ከተማ ላይ ይገናኛል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የማልወደው ነገር ቢኖር የስም አወጣጡ ነው። ተከዜ ከአትባራ ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ ከእሱ የረዘመ ወንዝ ነው። ሲቀላቀሉ ግን ስሙን የያዘው አትባራ ሆነ። ፍትሕ የለውም፤ ግን ካርታው እንዲህ ነው።

ለሚያጠና ሰው የምለው ከስሙ ሳይሆን ከመጨረሻው ይጀምር ነው። ዓባይ፣ ተከዜና ባሮ መጨረሻቸው ናይል ነው። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ኦሞ ቱርካና ይገባል። ገናሌና ዳዋ ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ የሚባል ወንዝ ሆነው ወደ ሶማሊያ ይወርዳሉ። እነዚህ ከተያዙ አቃቂ፣ ቦርከናና ሚሌ የአዋሽ፣ ጎጀብ የኦሞ መሆናቸው አይከብድም። ስም የሚቀየርባቸውን ቦታዎች ለብቻ ማስታወሻ ላይ መጻፍ ይጠቅማል፦ ግቤ ወደ ታች ኦሞ ይባላል፣ ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል። ድንደርና ራሃድ ደግሞ ያታልላሉ። ከጣና ምዕራብ ተነስተው ዓባይን የሚያገኙት ሱዳን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የኢትዮጵያን ካርታ ብቻ ያየ ሰው መጨረሻቸውን አያገኘውም።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው የሠራው ነው። በለስ ድሮም የዓባይ ገባር ነበር። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ግን የጣና ውሃ ተራራ ተቦርቡሮ በዋሻ ወደ በለስ እንዲሄድ ተደረገ። ያ ውሃ ተርባይን አዙሮ፣ ጢስ ዓባይን ሳያይ፣ በበለስ በኩል ወርዶ ዓባይን መልሶ ያገኘዋል። ጣና ዛሬ ሁለት መውጫ አለው፤ አንዱን ተፈጥሮ፣ ሌላውን መሐንዲስ የከፈተው።