ካምቢዮ፦ የተለመዱ ብልሽቶችና የባለመኪናው ድርሻ

ካምቢዮ የሞተሩን ጉልበት እንደ መንገዱ እያመጣጠነ ወደ ጎማ የሚያስተላልፍ የመኪና ክፍል ነው። ቃሉን እንደ ፍሪሲዮን ሁሉ ከጣሊያንኛ ወርሰነዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራው ይከብዳል፤ ዳገቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ መጨናነቁም መኪናውን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲያስኬደው ይውላል። ደግነቱ፣ ካምቢዮ ከመበላሸቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ይሰጣል።

በማኑዋል መኪና ቀድሞ የሚያልቀው ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውና የሚለያየው ፍሪሲዮን ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልፈጥን ካለና የተቃጠለ ነገር ከሸተተ፣ የፍሪሲዮን ሸራው ተበልቷል። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ጩኸት ኩሽኔታውን ያስጠረጥራል። ሁለቱንም ቶሎ የሚጨርሰው ዳገት ላይ መኪናውን በግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ የመቆም ልማድ ነው፤ የእጅ ፍሬን እያለ ሸራ ማቃጠል አያስፈልግም። ማርሽ ሲገባ የሚንገጫገጭ ከሆነ ወይ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፣ ወይ የማርሾቹን ፍጥነት የሚያመሳስሉት የነሐስ ቀለበቶች አልቀዋል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ግን ነገሩ ሁሉ ዘይቱ ነው። ዘይቱ ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛል፣ በግፊቱም ማርሽ ይቀይራል። ስለዚህ ሲጎድል ወይም ሲያረጅ መኪናው ዲ (ወደ ፊት መንጃው) ላይ ገብቶ ለመነሳት ይዘገያል፣ ማርሽ ሲቀይር ይመታል፣ ወይም ሞተሩ እየጮኸ ይንሸራተታል። አዲስ ዘይት ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ውስጡ ተጎድቷል። በእኔ እምነት ከሁሉ የሚያሳዝነው ብልሽት ለመኪናው የማይሆን ዘይት በመጨመር የሚመጣው ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ ብዙ ቪትዞች ሲቪቲ ካምቢዮ አላቸው፤ በማርሽ ፈንታ በሁለት ፑሊዎች መካከል የብረት ቀበቶ ይሠራል። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከተሞላ ቀበቶው ሊንሸራተትና ፑሊውን ሊቧጥጥ ይችላል። ባለቤቱ ከመኪናው መመሪያ ላይ የዘይቱን ዓይነት ጽፎ ይዞ ወደ ጋራዥ ቢሄድ፣ ሲቀየርም ቆሞ ጣሳውን ቢያይ ይበጀዋል።

ራዲያተርም የካምቢዮ ጉዳይ ነው። በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፈንታ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ሲሞላ ራዲያተሩ ይዝጋል፤ ቱቦው ከተበሳ ውኃና ዘይት ተቀላቅለው ሮዝ ወተት ይመስላሉ። ይህን ያየ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ መኪናውን በመኪና ማስጫን አለበት። በገመድ መጎተትም አይሆንም፤ የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲሠራ ነውና የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ከተጎተተ ውስጡ ያለ ዘይት ይፋጫል።

ካምቢዮው ይውረድ ከመባሉ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው፦ የዘይቱ መጠን ታይቷል? የሚያፈስበት ቦታ አለ? በኮምፒውተር ተመርምሯል? ማርሽ አልቀይር ያለ አውቶማቲክ አንዳንዴ የተበላሸበት የዘይቱን መንገድ የምትከፍትና የምትዘጋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ብቻ ናት፤ እሷን ለመቀየር በብዙ መኪኖች የዘይት መያዣውን መፍታት ይበቃል።