በአሜሪካ የተቃዋሚው መሪ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2024 ሁለት ሰዎች በብሔራዊ ምርጫ ተሸነፉ። የብሪታኒያው ሪሺ ሱናክ በጁላይ፣ የአሜሪካዋ ዴሞክራት ካማላ ሃሪስ በኖቬምበር። ሱናክ ከጠቅላይ ሚኒስትርነት በወረዱበት ቀን ሌላ ማዕረግ ያዙ፤ የተቃዋሚው መሪ ሆኑ። ፓርቲያቸው በኖቬምበር ኬሚ ባዴኖክን እስኪመርጥ ድረስም በዚያው ቆዩ። ሃሪስ ግን በጃንዋሪ 2025 ምክትል ፕሬዝዳንትነታቸው ሲያበቃ አንድም የመንግሥት ወንበር አልቀራቸውም። 75 ሚሊዮን ያህል ሰው ድምፁን ሰጥቷቸው ነበር።

እዚህ አሜሪካ ቡና ላይ ወሬው ወደ ፖለቲካ ከዞረ ጥያቄው መነሳቱ አይቀርም። «ለመሆኑ አሁን ተቃዋሚውን የሚመራው ማነው?» አንዱ ኦባማ ይላል። ሌላው ሴናተር ሹመር ይላል። ሦስተኛው ቀጣዩ እጩ ይሆናል ብሎ የሚገምተውን ሰው ይጠራል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው።

በብሪታኒያ ይህ ክርክር አይነሳም። የተቃዋሚ መሪነት እዚያ በሕግ የታወቀ ሥራ ነው። ከ1937 ጀምሮ ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ ይከፈለዋል። ቦታው በምክር ቤት ከመንግሥት ውጭ ካሉት ፓርቲዎች ብዙ ወንበር ላለው ፓርቲ መሪ ነው። ማን እንደሆነ ካጠራጠረ አፈ ጉባኤው ይወስናል፤ ይግባኝ የለውም። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ረቡዕ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ይህ ሰው ተነስቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፊት ለፊት ስድስት ጥያቄ ይጠይቃል። ከጎኑም «ጥላ ካቢኔ» አለ። የገንዘብ ሚኒስትሩን የሚከታተል አንድ ሰው፣ የውጭ ጉዳዩን የሚከታተል ሌላ። መንግሥት ቢለወጥ ማን እንደሚተካ ሕዝቡ ከወዲሁ ያውቃል።

ስሙን ደግሞ በጣም እወደዋለሁ። «የግርማዊነታቸው ታማኝ ተቃዋሚ» ይሉታል። «የግርማዊነታቸው ተቃዋሚ» የሚለው አባባል በ1826 በምክር ቤት ክርክር መሐል የተነገረ ነው። ታማኝ እና ተቃዋሚ ጎን ለጎን! በእኛ አገር «ተቃዋሚ» የሚለው ቃል ራሱ ጠላት ጠላት ስለሚል ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ «ተፎካካሪ» ማለት ተለምዷል። ቃሉን ከመቀየር ይልቅ ታማኝነትን አብሮ ማሰር ይቻል እንደነበር ሳስብ ይቆጨኛል።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። እዚህ ፕሬዝዳንቱ ከኮንግረስ አይወጣም፤ ለብቻው ይመረጣል። ስለዚህ የተሸነፈው እጩ የሚቀመጥበት ወንበር የለም። ኮንግረስ ውስጥ ያሉት የፓርቲ መሪዎች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በ435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው በ100ው ሴኔት። በ2025 መጀመሪያ የዴሞክራቶቹ ሐኪም ጄፍሪስና ቻክ ሹመር ነበሩ። ጄፍሪስን የመረጠው የብሩክሊን ሕዝብ፣ ሹመርን የኒው ዮርክ ግዛት ሕዝብ ነው። ለመሪነት የመረጧቸውም የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። የቴክሳስ ዴሞክራት ማናቸውንም አልመረጠም። የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ሊቀመንበር አለ፤ ገንዘብ ያሰባስባል፣ የእጩ ምርጫውን ሥርዓት ያስተባብራል፣ ፖሊሲ ግን አያወጣም።

ፕሬዝዳንቱ ኮንግረስ ፊት ንግግር ሲያደርጉ ከተቃዋሚው ወገን መልስ የሚሰጥ ሰው ይመረጣል። ልማዱ በ1966 በሪፐብሊካኖቹ ኤቨረት ዲርክሰንና ጄራልድ ፎርድ ተጀመረ። በማርች 2025 መልሱን የሰጡት የሚሺጋኗ ኤሊሳ ስሎትኪን ነበሩ። ሴኔት ከገቡ ገና ሁለት ወራቸው ነበር። ለአንድ ምሽት የፓርቲው አፍ ሆኑ እንጂ መሪው አልሆኑም።

ይህ ክፍተት ዛሬ የመጣ አይደለም። የዴሞክራቶቹ ፕሬዝዳንታዊ እጩ አድላይ ስቲቨንሰን በ1952ም በ1956ም በሪፐብሊካኑ አይዘንሃወር ተሸነፉ። ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ግን የፓርቲው «የስም መሪ» ይባሉ ነበር። በ1956 መጨረሻ የዴሞክራቶች ብሔራዊ ኮሚቴ አንድ አማካሪ ምክር ቤት አቋቋመ። ፓርቲው በአንድ ድምፅ እንዲናገር ነበር ሐሳቡ። ስቲቨንሰን ገቡ፣ የቀድሞው ፕሬዝዳንት ትሩማን ገቡ። ኮንግረስን ይመሩ የነበሩት ሳም ሬይበርንና ሊንደን ጆንሰን ግን አንገባም አሉ። በእነሱ እምነት የፓርቲውን አቋም የሚወስነው ኮንግረስ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ለእኔ ጉዳዩን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ የለም። አንድ ፓርቲ፣ ሁለት ወገን፣ ሁለቱም «መሪው እኔ ነኝ» የሚሉ።

ተቃዋሚው ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱን ሲይዝ ነገሩ ይቀየራል። በጃንዋሪ 2019 ዴሞክራቷ ናንሲ ፔሎሲ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። መንግሥት በበጀት ጭቅጭቅ ለ35 ቀን በከፊል ተዘግቶ ነበር። ፔሎሲ መንግሥት ሳይከፈት ፕሬዝዳንት ትራምፕ ምክር ቤቱ መጥተው ዓመታዊ ንግግራቸውን እንዳያደርጉ ከለከሉ። ንግግሩ ወደ ፌብሩዋሪ 5 ተገፋ። ያኔ የተቃዋሚው መሪ ማን እንደሆነ ብዙ የሚያከራክር አልነበረም።

አለበለዚያ ግን ቦታው ክፍት ይቆያል፤ አራት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የእጩ ምርጫው ሰው እስኪያወጣ ድረስ። ይህ ጥሩ ነው ብዬ አላምንም። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር መራጭ በስሙ የሚጠይቅለት ሰው ማጣት የለበትም።

ለእኛ ለስደተኞቹ ከዚህ የሚመጣ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። አቤቱታ ሲኖረን የምናንኳኳው አንድ ትልቅ በር የለም። ኤች አር 128 የተባለውን፣ ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የቀረበውን ውሳኔ ያስታውሱ ይሆናል። በአውሮራ፣ ኮሎራዶ ያሉ ወገኖቻችን የሄዱት ወደ ራሳቸው አካባቢ ተወካይ፣ ወደ ሪፐብሊካኑ ማይክ ኮፍማን ነበር። ውሳኔው አፕሪል 10 ቀን 2018 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ።