«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚባለው መቼ ነው?

አንድ የሥራ ኃላፊ በስብሰባ ላይ ሥራው ለምን እንደተበላሸ ተጠይቀው «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ብለው ሲመልሱ ሰማሁ፤ አዳራሹም በሳቅ ተቀበላቸው። አቅሙን ሳይመዝን የሌላው ሥራ ለሚያስቀናው ሰው የተነገረው ተግሣጽ፣ ምቱ የጠፋበት ሰው ጠያቂዎቹን ዝም የሚያሰኝበት ጋሻ ሆኖ አረፈው።

የቤተ ክርስቲያን ከበሮ እንጨቱ ተፈልፍሎ፣ ሁለቱም አፉ በቆዳ ተሸፍኖና በጠፍር ተወጥሮ የሚሠራ ነው፤ አንዱ አፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ በመሆኑ ድምፁም ወፍራምና ቀጭን ሆኖ ይወጣል። መቺው ማንገቻውን በአንገቱ አጥልቆ በሁለት እጁ እየመታ ወዲያና ወዲህ ሲል ለሚያየው ሰው፣ ጉልበትና ደስታ ብቻ የሚበቃው ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ዜማው አስቀድሞ በቁም፣ ማለትም ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል፣ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከበሮው የሚገባው መረግድ ከሚባለው ደረጃ ላይ ሲደረስ ነው፤ በእርጋታ ጀምሮም ጽፋት ወደሚባለው ፈጣን ምት ሲሻገር ይፈጥናል። የት እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚያፈጥንና የት እንደሚያቆም ለማወቅ ዜማውን በቃል መያዝ ግድ ነው። አቋቋም የሚባለው ይህ ትምህርት ዓመታት የሚፈጅ ሲሆን፣ በምስክር ቤትነቱ፣ ማለትም ተማሪው በመጨረሻ ተመስክሮለት በሚመረቅበት ጉባኤ ቤትነቱ የታወቀው የጎንደሩ በአታ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ተረቱ ከሠርግ ዳስ ወጣ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከቅኔ ማኅሌት ካልሆነ ከየትም አልመጣም ባይ ነኝ። በሠርግ ላይ ምት ቢሳሳት ጭብጨባውና እልልታው ይሸፍነዋል፤ እንዲያውም ጨዋታ ይሆናል። በማኅሌት ግን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት የቆሙት መዘምራን ጽናጽላቸውን የሚያነሡትም ሆነ እግራቸውን የሚያንቀሳቅሱት ከበሮውን ሰምተው ነውና፣ መቺው አንዴ ከዘገየ ግራው ከቀኙ ይለያያል። አንድ ሰው ባለማወቁ ሌላውን ሁሉ ሲያደናግር እንዲህ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

በልጅነቴ በአንድ የንግሥ ሌሊት፣ ከበሮ ለመያዝ የቸኮለ ወጣት ዲያቆን መረግዱን ያለ ጊዜው ሲያፈጥነው አይቻለሁ። አጠገቡ የነበሩት አዛውንት አልተቆጡትም፤ ማንገቻውን ከአንገቱ አውልቀው በራሳቸው አንገት አጠለቁትና ለእርሱ መቋሚያቸውን ሰጡት፤ ዜማውም ሳይቋረጥ ቀጠለ።

ስለዚህ ተረቱ ጊዜ አለው። ሹመት ሲቀርብለት ከመቀበሉ በፊት «ከበሮ በሰው እጅ ያምር» ብሎ የሚያመነታ ሰው በትክክል ተጠቅሞበታል። ከተሾመ በኋላ፣ ያውም ሥራው ከተበላሸ በኋላ የሚጠቅሰው ግን ሳይማር ከበሮ ማንሣቱን በአደባባይ እየመሰከረ መሆኑን ልብ ያለው አይመስልም። የሚያዳምጠው ሕዝብም ምቱ መሳቱን ለመናገር የግድ መቺ መሆን የለበትም። ከሁሉ የሚያስገርመኝ የስብሰባ ተካፋዮችና የጋዜጠኞች ነገር ነው፤ ተረቱ ሲጠቀስ ይስቃሉ፣ ይጽፋሉ፤ «ታዲያ እርስዎ አቋቋሙን የት ተማሩት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልሰማሁም።